ስካኑ ያሳየው አድራሻ የማን ነው? ዲቫይስን የመለያ መንገዶች ሲነጻጸሩ

ኔትወርኩን ስካን አደረጋችሁ። አምስት አይፒ (ዲቫይሶች በኔትወርኩ ላይ የሚጠሩበት ቁጥር) ወጣ፤ በአምስቱም ሥር የተጻፈው ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱ መለያ) ግን አንድ ነው። ወይም ዕቃውን ገዝታችሁ የማታውቁት ኩባንያ ስም ብቅ አለ። ወይም ትናንት የዘጋችሁት ላፕቶፕ ዛሬም መልስ ይሰጣል። አንዱ ስልክ ደግሞ በሦስት ቦታ ተመዝግቦ ይገኛል።

እንዲህ ሲያጋጥም ብዙ ሰው ወዲያው የሚለው «ሰው ገብቶብኛል» ነው። አንዳንዴ እውነት ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የገባ ሰው የለም፤ ስካኑን ያነበብንበት መንገድ ነው የተሳሳተው። ስካን የሚነግረን ለአንድ አይፒ ማን መልስ እንደሰጠ ነው። የአይፒው ባለቤት ማን እንደሆነ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሁለቱ አንድ ስለሆኑ ልዩነቱን እንረሳዋለን።

ልዩነቱ ሲፈጠር ሌላ ምንጭ መጠየቅ የግድ ነው። ምርጫው ደግሞ ያደናግራል። የስልክ አፕ አለ፣ ኤንማፕ የተባለው የስካን ፕሮግራም አለ፣ የራውተሩ ዝርዝር አለ፣ የስዊች (ኬብሎች የሚገናኙበት ዕቃ) ሠንጠረዥ አለ፣ ፓኬት የሚያሳየው ዋየርሻርክ አለ። ስለ አንድ ዲቫይስ ሁሉም የተለያየ ነገር ሊናገሩ ይችላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ በምን እንደምንመዝናቸው እንስማማ።

## የምንመዝንባቸው ነገሮች

የቆመበት ቦታ። ማክ አድራሻ ከራውተር ወዲያ አይሻገርም። ስካን የምታደርጉት ከሌላ ሰብኔት (የኔትወርክ ክፍል) ወይም በቪፒኤን በኩል ከሆነ፣ የዲቫይሱን ማክ አታገኙም። ብታገኙም የራውተሩን ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚቀድመው መለኪያ ይሄ ነው፤ የብዙ ሰው ግራ መጋባት እዚሁ ላይ ይፈታል።

የመረጃው ዕድሜ። አንዳንዱ መንገድ አሁን ያለውን ይጠይቃል፣ አንዳንዱ የሚያስታውሰውን ይናገራል። ኤአርፒ «ይህ አይፒ የማን ነው?» ተብሎ ተጠይቆ ማክ የሚገኝበት አሠራር ነው። ሊኑክስ አንድን የኤአርፒ ግቤት ከግማሽ ደቂቃ ገደማ በኋላ መጠራጠር ይጀምራል። የሲስኮ ራውተር ግን ካልተቀየረለት ያንኑ ግቤት 4 ሰዓት ይዞ ይቆያል። ሁለቱን ጎን ለጎን አይቶ «ለምን አይገጥሙም?» ማለት ትርጉም የለውም።

የምንጩ ቅርበት። ማኩን የነገረን ዲቫይሱ ራሱ ነው ወይስ መሃል የገባ ሌላ ዕቃ?

ቦታ መጠቆም። ዲቫይሱ መኖሩን ማወቅ አንድ ነገር ነው። በየትኛው ኬብል ወይም በየትኛው አክሰስ ፖይንት (የዋይ-ፋይ ማሰራጫ) በኩል እንደገባ ማወቅ ሌላ ነው።

ጣጣው። የይለፍ ቃል ይጠይቃል? ዕውቀትስ? ዕቃ መግዛትስ?

## አድራሻው የሚያሳስትባቸው መንገዶች

መሣሪያ ከመምረጣችሁ በፊት የገጠማችሁ የትኛው ዓይነት ስህተት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ምርጫውን የሚወስነው እሱ ነው።

የማታውቁት ኩባንያ ስም። ማክ አድራሻ 12 ምልክቶች አሉት። የመጀመሪያዎቹ 6 ብዙውን ጊዜ አይ-ትሪፕል-ኢ የተባለው ድርጅት ለአምራቹ የሰጠው ቁጥር ነው። ስካነሩ የኩባንያ ስም የሚያወጣው ከዚያ ነው። ነገር ግን ስሙ የኔትወርክ ቺፑን ወይም ካርዱን የሠራው ኩባንያ ሊሆን ይችላል እንጂ የግድ ዕቃው ላይ የተለጠፈው ብራንድ አይደለም። «ኤስፕሬሲፍ» የሚል ካያችሁ ስማርት አምፖል ወይም ሶኬት መሆኑን ጠርጥሩ። «ሆን ሃይ» ደግሞ ፎክስኮን ነው፤ ከብዙ ብራንዶች ዕቃ ውስጥ ይገኛል። እንዲህ ያለ ስም ብቻውን የሚያስደነግጥ ነገር አይደለም።

ስም የሌለው፣ የሚቀያየር ማክ። የማኩን ሁለተኛ ምልክት ተመልከቱ። 2፣ 6፣ ኤ ወይም ኢ ከሆነ አድራሻው በፋብሪካ የተሰጠ ሳይሆን በሶፍትዌር የተፈጠረ ነው። ይህቺን አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ብዙ ልፋት ትቀንሳላችሁ። አንድሮይድ ከ10ኛው እትም (2019) ጀምሮ፣ የአይፎኑ አይኦኤስም ከ14ኛው (2020) ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዋይ-ፋይ የተለየ የውሸት ማክ መጠቀም የተለመደ አሠራራቸው ሆኗል። በአይኦኤስ 18 ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ ገደማ የሚቀያየር አማራጭ መጥቷል። ዊንዶውስም ይህ አማራጭ አለው፤ ግን ካላበራችሁት ጠፍቶ ነው የሚቆየው። በሦስት ስም የተመዘገበው ስልክ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ነው።

ቨርቹዋል ማሽኖችም (በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠሩ ኮምፒውተሮች) የራሳቸው ምልክት አላቸው። 08:00:27 ካያችሁ ቨርቹዋልቦክስ ነው። 00:50:56 ቪኤምዌር ነው። በ52:54:00 የሚጀምረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኬቪኤም ላይ የሚሠራ ማሽን ነው።

ብዙ አይፒ፣ አንድ ማክ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ በጣም የሚያሳስተው ይሄኛው ነው።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የዋይ-ፋይ ሪፒተር (ሲግናሉን ወደ ሩቅ የሚያራዝመው ዕቃ) ነው። ተራው የዋይ-ፋይ አሠራር ሪፒተሩ ከጀርባው ያሉትን ዲቫይሶች ማክ ይዞ እንዲያልፍ ቦታ አይሰጠውም። ስለዚህ የራሱን ማክ ይተካበታል፤ በስካን ሲታይ ሁሉም እሱን ይመስላሉ። አንዳንድ ሪፒተሮች ደግሞ ለእያንዳንዱ ዲቫይስ ምትክ ማክ ይፈጥራሉ። የፊተኞቹን 6 ምልክቶች ቀይረው የኋለኞቹን 6 እንዳሉ ይተዋሉ። ስለዚህ ማክ ስታነጻጽሩ የመጨረሻዎቹን 6 ለብቻቸው ማየት ይጠቅማል።

ሁለተኛው ፕሮክሲ ኤአርፒ ነው። ስም ሲጠራ ለቀረ ጓደኛው «አቤት» እንደሚል ተማሪ፣ ራውተሩ ወይም ፋየርዎሉ በሌሎች ስም መልስ ይሰጣል። በአንድ ሰብኔት ውስጥ 254ቱም አድራሻ «አለ» ተብሎ ከወጣ፣ ከሌላ ነገር በፊት ይህን አስቡ።

ሦስተኛው ሁለት የኔትወርክ ካርድ ያለው የሊኑክስ ማሽን ነው። ኬብሉም ዋይ-ፋዩም አንድ ሰብኔት ላይ ከሆኑ፣ ሊኑክስ ካልተከለከለ በስተቀር የአንዱን ካርድ አይፒ ለጠየቀው በሌላኛው ካርድ በኩል ይመልሳል። ውጤቱ ሁለት አይፒና አንድ ማክ ነው፤ አንዳንዴም ማኩ ከስካን ወደ ስካን ይቀያየራል።

በዋይ-ፋይ ላይ በብሪጅ የተያያዘ ቨርቹዋል ማሽንም ብዙ ጊዜ የአስተናጋጁን ኮምፒውተር ማክ ይዞ ይወጣል። የተኛ የአፕል ኮምፒውተርም ሊያሳስት ይችላል። አፕል «ስሊፕ ፕሮክሲ» የሚለው አሠራር አለው፤ ለምሳሌ አፕል ቲቪ በተኛው ኮምፒውተር ፈንታ መልስ ይሰጣል። አይፒው የኮምፒውተሩ፣ ማኩ የአፕል ቲቪው ይሆናል።

አንድ አይፒ፣ ሁለት ማክ። ይህ ከሌሎቹ የበለጠ ትኩረት ይፈልጋል። ሁለት ዲቫይሶች አንድ አይፒ ይዘው ሊሆን ይችላል። ሰው ሆን ብሎ የኤአርፒ መልስ እያጭበረበረም ሊሆን ይችላል። ሁለት ራውተሮች አንድ የጋራ አይፒ የሚጋሩበት አሠራርም አለ፤ ያኔ ማኩ በ00:00:5ኢ:00:01 የሚጀምር ከሆነ ቪአርአርፒ የተባለው ይኸው አሠራር ነውና አትደንግጡ።

## መንገዶቹ አንድ በአንድ

### የስልክ ስካነር አፕ

ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው፣ ማንም ይችለዋል። ለፈጣን ቆጠራ ጥሩ ነው። ማክ አድራሻን በተመለከተ ግን ደካማው ይሄ ነው። አይኦኤስ ከ11ኛው እትም (2017) ጀምሮ አፖች የጎረቤት ዲቫይሶችን ማክ እንዳያነቡ ዘግቷል። አንድሮይድም ከ10ኛው ጀምሮ የኤአርፒ ሠንጠረዡን ለተራ አፕ አይሰጥም። በዚያ ምክንያት አፑ በአይፒ፣ በስም ማስታወቂያዎችና በክፍት ፖርቶች (ዲቫይሱ አገልግሎት የሚሰጥባቸው በሮች) ተመርኩዞ ይገምታል። 02:00:00:00:00:00 የሚል ማክ ካያችሁ የማንም አድራሻ አይደለም። ሲስተሙ «አልነግርህም» ማለቱ ነው።

ግምቱ ብዙ ጊዜ ይሳካል። በግምት ላይ ተነሥቶ ዲቫይስ ማገድ ግን አልመክርም።

### ከኮምፒውተር የሚደረግ የኤአርፒ ስካን

በዚያው ሰብኔት ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ካላችሁ፣ በነፃ ከሚገኙት የሁሉም መነሻ ይሄ መሆን አለበት። ፒንግን («አለህ?» የሚለውን ጥያቄ) የሚዘጋ ፋየርዎል ያለው ዲቫይስ እንኳ ኤአርፒን በተለምዶ ይመልሳል፤ ካልመለሰ ኔትወርኩ ላይ መነጋገር አይችልም።

ሁለት ነገር ግን አስተውሉ። አንደኛ፣ ኤንማፕን በአድሚኒስትሬተር መብት አስነሡት። ያለ እሱ ኤአርፒ መላክ ስለማይችል ፖርት 80ንና 443ን እያንኳኳ ነው ዲቫይስ የሚፈልገው፤ ማክም አያሳይም። መሃል ላይ ሁሉን የሚመልስ ፋየርዎል ካለ ደግሞ የሌለውን «አለ» ይላችኋል። ሁለተኛ፣ የተኛ ስልክ የመጀመሪያውን ጥያቄ ሊያልፈው ይችላልና ስካኑን ደጋግሙት።

ኤንማፕ ወይስ ኤአርፒ-ስካን? ኤንማፕ ከማክ በላይ ፖርትና ሲስተም ይመረምራል። ለአንድ አይፒ የሚያሳየው ግን አንድ ማክ ነው። ኤአርፒ-ስካን የመጣውን መልስ ሁሉ ይዘረዝራል፤ ሁለት ዲቫይስ ለአንድ አይፒ ከመለሱ ሁለተኛውን ድጋሚ መልስ ብሎ ምልክት ያደርግበታል። በመልሱ ውስጥ የተጻፈው ማክና መልሱን ያመጣው ፍሬም (እንደ ፖስታው ያለ) ላይ ያለው ማክ ካልገጠሙም ሁለቱንም ያሳያል። የአድራሻ ግጭት ለሚፈልግ ሰው እኔ የምመርጠው ኤአርፒ-ስካንን ነው።

### የራውተሩ የዲኤችሲፒ ዝርዝር

ዲኤችሲፒ ራውተሩ ለዲቫይሶች አይፒ የሚያድልበት አሠራር ነው። ጥሩ ጎኑ ዲቫይሱ አይፒ ሲጠይቅ ማኩን በጥያቄው ውስጥ ራሱ ጽፎ መላኩ ነው። ብዙ ጊዜ ስሙንም ይጨምራል። ስለዚህ ሪፒተር የፍሬሙን ማክ ቢቀይርም፣ የጥያቄውን ውስጥ ካልነካ እውነተኛው ማክ እዚህ ላይ ሊገኝ ይችላል። ስካኑ አምስት አንድ ዓይነት ማክ ሲያሳያችሁ መጀመሪያ እዚህ ግቡና አምስቱን አይፒዎች ፈልጉ።

ድክመቱ ትዝታ መሆኑ ነው። የሊዙ ጊዜ (አይፒው የተሰጠበት ጊዜ) እስኪያልቅ የሄደውም ዲቫይስ ተጽፎ ይቆያል። አይፒው በእጅ የተሞላለት ፕሪንተር ወይም ካሜራ ደግሞ ጭራሽ አይገባበትም። ዲቫይሱ የሚልከውን ስምም ማንም እንደፈለገ መጻፍ ስለሚችል፣ ስሙን እንደ ጥቆማ እንጂ እንደ ማስረጃ አትያዙት። ብዙ የቤት ራውተሮች «የተገናኙ ዲቫይሶች» የሚል ሌላ ገጽም አላቸው። እሱ ከሊዝ ዝርዝሩ ይለያል፤ ሁለቱን አታምታቱ።

### የስዊችና የአክሰስ ፖይንት ሠንጠረዥ

ዕቃ ሳትነቅሉ ቦታውን በግልጽ የሚነግራችሁ ይሄ ነው። ማኔጅድ ስዊች (ገብታችሁ ልታዩትና ልታስተካክሉት የምትችሉት) እያንዳንዱ ማክ በየትኛው ፖርት (የኬብል መሰኪያ) እንደገባ ይመዘግባል። ብዙውን ጊዜ ማኩ 300 ሰከንድ ያህል ድምፁን ካጠፋ ይሰርዘዋል፤ ስለዚህ መረጃው ትኩስ ነው። ማኩ የሚታይበት ፖርት ላይ ሌሎች ብዙ ማኮችም ካሉ፣ ፖርቱ ወደ ሌላ ስዊች ወይም አክሰስ ፖይንት የሚወስድ ነው። ወደዚያኛው ገብታችሁ ትቀጥላላችሁ፣ አንድ ማክ ብቻ ያለበት ፖርት እስክትደርሱ። በዋይ-ፋይ በኩል ደግሞ የአክሰስ ፖይንቱ የተጠቃሚዎች ዝርዝር የሲግናል ጥንካሬ ጭምር ያሳያል። ዲቫይሱ ቅርብ ይሁን ሩቅ ከዚያ ትገምታላችሁ።

ስዊቹ ስለ አይፒ አያውቅም። ስለዚህ ብቻውን አይበቃም፤ ከኤአርፒ ስካን ወይም ከራውተሩ የኤአርፒ ሠንጠረዥ ጋር አብሮ ነው የሚሠራው። ሪፒተር ካለም የሪፒተሩን ማክ ብቻ ነው የሚያየው። ተራ ስዊች ደግሞ ሠንጠረዡን ለሰው የሚያሳይበት መንገድ የለውም። ወጪ የሚመጣው እዚህ ነው። በጀት ካላችሁና ዲቫይስ የሚበዛበት ቦታ ከሆነ፣ ከሚከፈልበት ስካነር አፕ ይልቅ ማኔጅድ ስዊች ግዙ እላለሁ።

### ዋየርሻርክ

ነፃ ነው፣ ግን ዕውቀት ይፈልጋል። ፓኬቱን እንዳለ ስለሚያሳይ ማን ምን እንዳለ በቀጥታ ታያላችሁ። አንድን የኤአርፒ መልስ ከፍታችሁ ፍሬሙ ላይ ያለውን የላኪ ማክና መልሱ ውስጥ የተጻፈውን ማክ አነጻጽሩ። ካልገጠሙ መሃል ላይ የገባ ነገር አለ፤ ሪፒተርም አጭበርባሪም ሊሆን ይችላል። አንድ አይፒ በሁለት ማክ ሲጠራም ራሱ ማስጠንቀቂያ ያወጣል።

አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው ያስታል። በስዊች ኔትወርክ ላይ የምታዩት የራሳችሁን ትራፊክና ብሮድካስቱን (ለሁሉም የሚላከውን) ነው። የሌሎችን ንግግር ለማየት ስዊቹ ላይ የፖርት ሚረር (የሌላውን ፖርት ትራፊክ ወደ እናንተ መቅዳት) ማድረግ ያስፈልጋል።

### ነቅሎ ማየት

ወጪ የለውም፣ ዕውቀትም አይጠይቅም፤ ግን እንደሱ የሚያስተማምን ጥቂት ነው። አይፒውን ያለማቋረጥ ፒንግ እያደረጋችሁ የጠረጠራችሁትን ዕቃ ንቀሉ። መልሱ ከተቋረጠ አግኝታችሁታል። ካልተቋረጠ የኤአርፒ ካሹን (ኮምፒውተራችሁ ያስታወሳቸውን ማኮች) አጽዱና እንደገና ሞክሩ። አሁን ሌላ ማክ ከመጣ የአይፒ ግጭት አለ። ያው ቀድሞ የታየው ማክ ተመልሶ ከመጣ ደግሞ የነቀላችሁት ሌላ ዕቃ ነው፣ ወይም ዕቃው በዋይ-ፋይም ገብቷል።

የሚከብደው ሥራ በሚሠራበት ሰዓት ነው። ሰርቨርን ወይም የደህንነት ካሜራን እንዲህ አይፈትኑትም።

## ባጭሩ ሲታይ

| መንገድ | ቆሞ የሚያይበት | የመረጃው ዕድሜ | ማኩ ምን ያህል ይታመናል | ቦታ ይጠቁማል? | ጣጣና ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| የስልክ አፕ | በዚያው ዋይ-ፋይ | የአሁን | ትንሽ፤ ብዙ ጊዜ ግምት ነው | የለም | ቀላል፤ ብዙው ነፃ |
| የኤአርፒ ስካን | በዚያው ሰብኔት ብቻ | የአሁን | ጥሩ፤ ሪፒተርና ፕሮክሲ ያሳስቱታል | የለም | ነፃ፤ የአድሚን መብት |
| የዲኤችሲፒ ዝርዝር | ራውተሩ ላይ | የቆየ ሊሆን ይችላል | ጥሩ፤ በእጅ አይፒ የተሰጠውን አያውቅም | የለም | የራውተር ይለፍ ቃል |
| ስዊችና አክሰስ ፖይንት | ዲቫይሱ የገባበት ፖርት | ጥቂት ደቂቃ | በጣም ጥሩ፤ አይፒ ግን አያውቅም | አዎ | ማኔጅድ ዕቃ መግዛት |
| ዋየርሻርክ | የተሰካበት ቦታ | የአሁን | በጣም ጥሩ | በከፊል | ነፃ፤ ዕውቀት ይፈልጋል |
| ነቅሎ ማየት | ዕቃው ዘንድ | የአሁን | ማረጋገጫ ነው | አዎ | ነፃ፤ ሥራ ያቋርጣል |

## ለማን የትኛው?

ለቤት፣ ያለ ወጪ። የስልክ አፑን ለቆጠራ ተጠቀሙ። ያልገባችሁን አይፒ ራውተሩ ዝርዝር ውስጥ ፈልጉ። ማኩ በሶፍትዌር የተፈጠረ ከሆነ የቤተሰቡን ስልኮች የዋይ-ፋይ ሴቲንግ አንድ በአንድ ክፈቱ፤ ስልኩ አሁን የሚጠቀምበት ማክ እዚያ ተጽፏል። ለቤት ዋይ-ፋይ ብቻ የሚቀያየረውን ማክ ማጥፋት ወይም ቋሚ ማድረግ ዝርዝሩን ያጸዳል። ውጭ ባሉ ዋይ-ፋዮች ላይ ግን እንደበራ ይቆይ፤ ግላዊነታችሁን የሚጠብቅ ነገር ነው።

ሪፒተር ላለበት ቤት ወይም ቢሮ። ስካኑን ከሪፒተሩ ጀርባ ሆናችሁም ከዋናው ራውተር ጎን ሆናችሁም አድርጉና ውጤቱን አነጻጽሩ። ከጀርባ ሆናችሁ የምታዩት ማክ ወደ እውነቱ ይቀርባል። ዘላቂው መፍትሔ ሪፒተሩን በኬብል በተያያዘ አክሰስ ፖይንት መተካት ነው። ያኔ ማኩ ሳይነካ ያልፋል፣ ፍጥነቱም ይሻሻላል።

ለትንሽ ቢሮ፣ መጠነኛ በጀት። አንድ ማኔጅድ ስዊችና ኤአርፒ-ስካን አብረው ይበቃሉ። ስካኑ አይፒን ከማክ ያገናኛል፣ ስዊቹ ማክን ከፖርት። ለፕሪንተርና ለካሜራ አይፒ በእጅ ከመሙላት ይልቅ ራውተሩ ላይ ሪዘርቬሽን (ሁልጊዜ ያው አይፒ እንዲሰጣቸው) አድርጉላቸው፤ ግጭቱም ይቀራል፣ የዲኤችሲፒ ዝርዝሩም ሙሉ ይሆናል።

ብዙ ቪላን (በአንድ ዕቃ ላይ የተለያዩ ኔትወርኮች) ላለው ድርጅት። ከአንድ ኮምፒውተር ሁሉንም ስካን ላድርግ ብላችሁ አትልፉ፤ ማክ አታገኙም። የእያንዳንዱን ቪላን የኤአርፒ ሠንጠረዥ የያዘው ራውተሩ ወይም ሌየር 3 ስዊቹ (እንደ ራውተርም የሚሠራው ስዊች) ነው። ከዚያ ውሰዱና ከስዊቾቹ የማክ ሠንጠረዥ ጋር አገናኙ። ዕድሜያቸው እንደሚለያይ ግን አትርሱ፦ አንዱ ሰዓታት፣ ሌላው ደቂቃዎች። ከመነሳታችሁ በፊት አይፒውን አንዴ ፒንግ ማድረግ የስዊቹን ሠንጠረዥ ያድሳል።

ጥቃት ለጠረጠረ። የጌትዌዩን (ወደ ውጭ የሚያወጣችሁን ራውተር) አይፒና ማክ ተመልከቱ። የጌትዌዩ ማክ ከአንድ ተራ ኮምፒውተር ማክ ጋር አንድ ከሆነ ጉዳዩ ከባድ ነው። የሚለየው ራውተሩ ጀርባ ላይ ከተጻፈው በመጨረሻዋ ምልክት ብቻ ከሆነ ግን ተረጋጉ፤ ብዙ ራውተሮች ለእያንዳንዱ የኔትወርክ መገናኛቸው ተከታታይ ማክ ይይዛሉ። ጥርጣሬው ካልለቀቃችሁ ዋየርሻርክን ከፍታችሁ የኤአርፒ መልሶችን ብቻ አጣርታችሁ ጥቂት ደቂቃ ተመልከቱ። ማንም ሳይጠይቀው በጌትዌዩ ስም ደጋግሞ የሚመልስ ማክ ካለ፣ ያንን ማክ ስዊቹ ላይ ፈልጉና ፖርቱን ዝጉ። ይህን ሁሉ የምታደርጉት የራሳችሁ በሆነ ወይም ፈቃድ ባላችሁበት ኔትወርክ ላይ ብቻ ነው።